የሣጥኑ ባለአደራ፤ ጆን ሜናርድ ኬንስና የሰው ገንዘብ

ሜይ 8 ቀን 1938 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ለሚገኘው የኪንግስ ኮሌጅ የንብረት ኮሚቴ አንድ ማስታወሻ ተጻፈ። ጸሐፊው በዘመኑ ከነበሩት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት መካከል ስማቸው እጅግ የገነነው ጆን ሜናርድ ኬንስ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አራት ዓመት ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ልባቸው ታምሞ ለወራት አልጋ ላይ ውለዋል፤ በዚያው ሰሞን የጀመረው የአክሲዮን ገበያ ውድቀትም የራሳቸውንም የኮሌጁንም ሀብት ክፉኛ አጉድሏል። ማስታወሻው ይቅርታ መጠየቂያ አልነበረም፤ ራስን መከላከያ ብቻም አልነበረም። አደራ የተቀበለ ሰው የሌላውን ገንዘብ በምን መንገድ ሊይዝ እንደሚገባው፣ ከሃያ ዓመት ገደማ ልምድና ስህተት በኋላ የደረሱበትን የሚያስረዳ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ወገናችን ከደመወዙ ለቤተሰቡ ልኮ የተረፈችውን ገንዘብ የት ላኑራት ብሎ ሲያስብ፣ ከሚቀርቡለት አማራጮች አንዱ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ጠንካራ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት የሚይዝ ፈንድ ነው። በእንዲህ ያለ ፈንድ ድርሻ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለኩባንያዎቹ በወለድ አያበድርም፤ ከባለቤቶቻቸው አንዱ ይሆናል፤ ሲያተርፉ ያተርፋል፣ ሲከስሩም ይከስራል። አሳቡ ዛሬ የተለመደ ነው። ኬንስ የኮሌጁን ገንዘብ በተረከቡበት ጊዜ ግን አደራ የተጣለበት ተቋም አክሲዮን መግዛቱ እንደ ድፍረት፣ በአንዳንዶች ዘንድም እንደ ቁማር ይታይ ነበር። ስለ ኬንስ የመንግሥት አማካሪነትና ስለ መጻሕፍታቸው ብዙ ተጽፏል። እኛ እዚህ የምንከተለው ብዙ የማይነገርለትን ገንዘብ ያዡን ኬንስን ነው።

የተወለዱት ጁን 5 ቀን 1883 እዚያው ካምብሪጅ ውስጥ ነው። አባታቸው ጆን ኔቪል ኬንስ የዩኒቨርሲቲው መምህርና ከፍተኛ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ እናታቸው ፍሎረንስ ደግሞ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ለመሆን የበቁ ሴት ናቸው። ልጁ በስመ ጥሩው የኢተን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1902 ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ አጠና። በ1906 የመንግሥት ሠራተኞችን ፈተና በሁለተኛነት አልፎ የሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም ሥራው ሰልችቶት ወደ ካምብሪጅ ተመለሰና ማስተማር ጀመረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በገንዘብ ሚኒስቴር አገልግለው በ1919 ወደ ፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ተላኩ። በጀርመን ላይ የተጫነው ካሣ ሊከፈል የማይችል ነው ብለው ስላመኑ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍም በአንድ ጊዜ ዓለም ያወቃቸው ሰው አደረጋቸው።

የኮሌጁ ነገር የሚጀምረው ከዚሁ ዓመት ነው። ኪንግስ ኮሌጅን በ1441 ያቋቋሙት ንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛ ናቸው። መምህራኑ፣ ድኻ ተማሪዎቹ፣ ሕንጻዎቹና የጸሎት ቤቱ ይኖሩ የነበሩት ከተሰጠው መሬትና ንብረት በሚገኝ ገቢ ነበር። ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲሰማ ወቅፍ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ ሕጉ ቢለያይም ዋናው ሀብት ተጠብቆ ፍሬው ለተወሰነለት ዓላማ መዋሉ አንድ ነው። ችግሩም አንድ ነው። ዋናውን የሚጠብቅ ሰው እንዳይነካው ብሎ ዝም ካለ ዘመን ይበላዋል፤ አሳድገዋለሁ ብሎ ቢዳፈር ደግሞ ሊያጠፋው ይችላል። በእንግሊዝ የነበረው ልማድና ሕግ የመጀመሪያውን መንገድ የመረጠ ነበር፦ አደራ የያዘ ሰው ከመሬትና ቁርጥ ወለድ ከሚከፍሉ የመንግሥት ቦንዶች ብዙ እንዳይርቅ። ጦርነቱ ግን የዚህን ጥንቃቄ ጉድለት አሳየ። የዕቃ ዋጋ ሲንር ቦንድ የያዘ ሰው በወረቀቱ ላይ የተጻፈችውን ያችኑ ወለድ እየተቀበለ፣ በእጁ የገባው ገንዘብ ግን የሚገዛው እያነሰ ሄደ።

ኬንስ በ1919 የኮሌጁ ሁለተኛ ገንዘብ ያዥ፣ በ1924 ደግሞ ዋና ገንዘብ ያዥ ሆኑ፤ በዚህ ሹመት እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆይተዋል። የኮሌጁን አባላት አሳምነው ከመሬቱ ከፊሉ እንዲሸጥ አደረጉ። በ1920ም ሠላሳ ሺህ ፓውንድ ያህል ከሌላው ሀብት ተለይቶ፣ በአሮጌው ደንብ ሳይታሰር በእርሳቸው ውሳኔ የሚሠራበት አንድ መዝገብ ተከፈተ። ስሙ ሣጥን ተባለ። ሣጥኑ በአብዛኛው የያዘው አክሲዮን ነበር።

ታዲያ እኚህ ሰው በዚያው ዓመት በራሳቸው ገንዘብ ምን እያደረጉ እንደነበር የኮሌጁ ሽማግሌዎች ጠንቅቀው ቢያውቁ ኖሮ ሣጥኑን ይሰጧቸው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከፓሪስ እንደተመለሱ ኬንስ በውጭ ምንዛሪ መነገድ ጀምረው ነበር። የጀርመን ማርክ፣ የፈረንሳይ ፍራንክና የጣሊያን ሊሬ እንደሚወድቁ፣ የአሜሪካ ዶላር እንደሚጠነክር ገመቱ፤ በራሳቸው ብቻ ሳይሆን በወዳጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ገንዘብም ጭምር፣ በዚያም ላይ በብድር፣ በዚህ ግምት ላይ ተወራረዱ። ለጥቂት ወራት አተረፉ። በ1920 ጸደይ ግን የአውሮፓ ገንዘቦች ለጥቂት ሳምንታት አንሰራሩ፤ የተበደሩበት መያዣም አለቀ። ሀብታቸው ተጠርጎ ሄደ። ያዳናቸው ሰር ኧርነስት ካሰል የተባሉ ባለጸጋ ያበደሯቸው አምስት ሺህ ፓውንድ፣ የአባታቸው እርዳታና የመጽሐፋቸው ገቢ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ግምታቸው በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ እነዚያ ገንዘቦች ቆየት ብለው ወድቀዋል፣ የጀርመኑማ ከነአካቴው ጠፍቷል። ኬንስን የጣላቸው የእውቀት ማነስ ሳይሆን ጊዜ ማጣት ነው። በተበደረው ገንዘብ የሚነግድ ሰው ትክክለኛነቱ እስኪታይ የሚጠብቅበት ቀን የእርሱ አይደለም፤ ቀኑ የአበዳሪው ነው። ፉቀሃእ ጭልጥ ካለ ግምት ጋር የተያያዘን ንግድ ገረር ብለው ለምን እንደሚከለክሉ፣ ብድርም በላዩ ሲታከል ጉዳቱ እንዴት እንደሚበረታ ለማስረዳት ከዚህ የሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ዕዳቸውን በሁለት ዓመት ከፍለው ጨረሱ። ልማዱን ግን አልተዉም። በ1920ዎቹ ዓመታት የኬንስ እምነት የኢኮኖሚን መውጣትና መውረድ አስቀድሞ በማየት፣ ሲሞቅ አክሲዮን ሲቀዘቅዝ ቦንድ እየያዙ፣ በየጊዜው እየገቡና እየወጡ ማትረፍ ይቻላል የሚል ነበር። ይህን ለማድረግ በዚያ ዘመን ከእርሳቸው የተሻለ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። የባንክ ገዥዎችን ያውቃሉ፤ ሚኒስትሮች ያማክሯቸዋል፤ አኀዛዊ መረጃ ከሌላው ቀድሞ ይደርሳቸዋል። ውጤቱ ግን የጠበቁት አልሆነም። በ1928 እንደ ጎማ ያሉ ሸቀጦች ዋጋ ወድቆ ከፍ ያለ ኪሳራ አደረሰባቸው፤ የ1929ኙንም የኒውዮርክ ገበያ ውድቀት አስቀድመው አላዩትም። በ1927 ማብቂያ አርባ አራት ሺህ ፓውንድ ገደማ የነበረው የግል ሀብታቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ከስምንት ሺህ በታች ሆነ። የኮሌጁም ሣጥን በእነዚያ ዓመታት ከእንግሊዝ ገበያ አማካይ ውጤት በታች ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወይ ይተዋል፣ ወይ ያጣውን ለመመለስ የባሰ ይወራረዳል። ኬንስ ያደረጉት የሚመለከቱትን ነገር መቀየር ነው። ገበያው ነገ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ ትተው ይህ ኩባንያ ምን ይሠራል፣ ማን ይመራዋል፣ ከዓመት ዓመት ምን ያተርፋል፣ ዛሬ የሚሸጥበት ዋጋስ ከእውነተኛ ዋጋው ጋር ሲነጻጸር ረክሷል ወይስ ተወዷል የሚሉትን መመርመር ያዙ። በእንግሊዝ መኪና ሠሪዎቹን ኦስቲንንና ሌይላንድን መረጡ። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ላይ የሚሠራውን ዩኒየን ኮርፖሬሽንን በብዛት ያዙ። የአሜሪካ ሕዝብ ከውድቀቱ በኋላ አክሲዮን የሚለውን ስም እንኳ መስማት በጠላበት ጊዜ የዚያን አገር አክሲዮኖች፣ በተለይም የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኩባንያዎችን፣ በርካሽ ሰበሰቡ፤ ቆይቶም አሜሪካ ከሣጥኑ ጉልህ ድርሻ ያዘች። የአንድ የእንግሊዝ ኮሌጅ ገንዘብ በሦስት ክፍለ ዓለማት በሚሠሩ ድርጅቶች ውስጥ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ዓለም አቀፍ የጥራት ፈንድ የሚባለው ነገር፣ ስሙ ሳይኖር ግብሩ በኪንግስ ኮሌጅ መዝገብ ላይ ይታያል።

የመድን ኩባንያ ከሚመሩ ባልደረቦቻቸው ጋር የነበራቸው ክርክር ይህን አካሄድ በደንብ ያሳያል። ሌሎቹ ገንዘቡ በብዙ ኩባንያዎች ላይ በተበተነ ቁጥር ደኅንነቱ ይጨምራል ይሉ ነበር። ኬንስ ደግሞ ስለማናውቃቸው ብዙ ድርጅቶች ገንዘብን መበተን አደጋን አይቀንስም፤ በደንብ የምናውቃቸውንና በአስተዳደራቸው የምንተማመንባቸውን ጥቂቶች መያዝ ይሻላል የሚል አቋም ነበራቸው። በዚህ ጉዳይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ከኬንስ ጋር አይስማማም። ኩባንያዎችን መርምሮ የመለየት ጊዜና ችሎታ ያለው ሰው ጥቂቶችን ቢይዝ ያምርበታል። ሌሊት በጥበቃ ሥራ፣ ቀን በሰው ቤት ለሚደክም ሰው ግን በአንድ ወይም በሁለት ኩባንያ ላይ ሙጭጭ ማለት እውቀት ሳይሆን ዕድል መሞከር ነው፤ ለእርሱ ብዙ ጥሩ ድርጅቶችን በአንድ የሚይዝ ፈንድ ይቀርበዋል።

በፌብሩዋሪ 1936 የታተመው ትልቁ መጽሐፋቸው ስለ ሥራ፣ ስለ ወለድና ስለ ገንዘብ ነው። በአንዱ ምዕራፍ ውስጥ የአክሲዮን ገበያን ጠባይ የገለጹበት ምሳሌ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ ከብዙ ፎቶግራፎች ቆንጆዎቹን እንዲመርጡ አንባቢዎቹን የሚጋብዝ የጋዜጣ ውድድር። አሸናፊው ምርጫው ከብዙኃኑ ምርጫ ጋር የገጠመለት ሰው ስለሆነ፣ ማንም ለራሱ ያማረውን አይመርጥም፤ ሌላው የሚመርጠውን ለመገመት ይደክማል፤ ሌላውም እንዲሁ። ይህ የሃያ ዓመት የራሳቸው ኑዛዜ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለእኛ አንባቢዎች ይበልጥ የሚገርመው በዚያው መጽሐፍ ስለ ወለድ የተናገሩት ነው። ኬንስ በልጅነታቸው የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በወለድ ላይ ያወጡት ክልከላ ሞኝነት ነው ተብለው መማራቸውን አስታውሰው፣ በኋላ ግን ነገሩን ሲመረምሩት በገንዘብ ማበደርና በሥራ ላይ በማዋል መካከል ያለውን ልዩነት ለመለየት የተደረገ ቅን የአእምሮ ጥረት ሆኖ እንዳገኙት ጻፉ። ምንም ሳይሠራና ምንም ሳይጋራ ከማበደር ብቻ የሚኖር ሰውም ቀስ በቀስ ከዓለም እንደሚጠፋ ተስፋ አድርገው ነበር። ይህን ጠቅሶ ኬንስን ወደ እኛ ሰልፍ ለመጎተት መሞከር ግን ታማኝነት አይሆንም። ከሃይማኖት የራቁ ሰው ነበሩ፤ የተናገሩትም ስለ ምጣኔ ሀብት ሥርዓት እንጂ ስለ ሐላልና ሐራም አይደለም። ራሳቸውም በወለድ መበደርን ፈጽሞ አላቆሙም።

ሰውየው ደግሞ በንድፈ ሐሳብ የተጉትን ያህል በተግባር ንጹሕ አልነበሩም። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ዓመት ገና በስንዴ ግምት ይነግዱ ነበር። አንድ ጊዜ ውሉን ሳይሸጡ ቀኑ ደርሶባቸው ስንዴው ራሱ ሊመጣባቸው ሆነና፣ የኪንግስ ኮሌጅ የጸሎት ቤት ምን ያህል እህል እንደሚይዝ ለክተው ነበር ተብሎ ይተረካል።

ከዚያ የ1937 ዓመት መጣ። በሜይ ወር ልባቸው ታመመና በዌልስ ወደሚገኘው የሩቲን ሆስፒታል ተወሰዱ። ገበያው በዚያው ዓመት በአሜሪካም በእንግሊዝም ወደቀ። በ1936 ማብቂያ ከአምስት መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ደርሶ የነበረው የግል ሀብታቸው በ1938 ማብቂያ መቶ ሰማንያ ሺህ ገደማ ሆነ። ሊቀ መንበራቸው የነበሩት ናሽናል ሚውቹዋል የተባለው የሕይወት መድን ኩባንያ በ1937 ብቻ ከስድስት መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ኪሳራ አስመዘገበ። የቦርዱ አባላት ለምን ቀደም ብለው አልሸጡም ብለው ወቀሷቸው፤ ኬንስም በአልጋ ላይ ሆነው በደብዳቤ ተከራከሩ። ገበያ በወደቀ ቁጥር መሸጥ የአደራ ጠባቂ ግዴታ አይደለም፤ ለራሱ ሳያፍር የወረደውን ዋጋ ተቀብሎ መያዝ ግን አንዳንድ ጊዜ ግዴታው ነው የሚል ነበር የክርክራቸው ፍሬ። ቦርዱ አልተቀበለውም። በኦክቶበር 1938 ሊቀ መንበርነቱን ለቀቁ።

በመጀመሪያ ያነሳነው የሜይ ማስታወሻ የተጻፈው በዚህ መሐል ነው። በውስጡ ገበያውን በጅምላ እየገዙና እየሸጡ ማትረፍ እንዳልተቻላቸው፣ ያን የመሰለ ሥራ በተሳካ ሁኔታ የሠራም ሰው እንዳላዩ አመኑ። ያገኙትንም መንገድ አስቀመጡ። ዋጋቸው ካላቸው ጥቅም አንጻር የረከሰ ጥቂት ኢንቨስትመንቶችን በጥንቃቄ መምረጥ፤ የተመረጡትንም ስህተት መሆናቸው እስካልታወቀ ድረስ ለዓመታትም ቢሆን በክፉም በደጉም ጨክኖ መያዝ፤ የሚይዟቸውም ነገሮች አደጋቸው የተለያየ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊነሳ የሚችል እንዲሆን ማመዛዘን። ለመጨረሻው ነጥብ የወርቅ ማዕድን አክሲዮንን እንደ ምሳሌ ይጠቅሱ ነበር።

የኮሌጁ ኮሚቴ፣ ከመድን ኩባንያው ቦርድ በተለየ፣ ሣጥኑን ከእጃቸው አልወሰደም። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ጥሩ ገንዘብ ያዥ ቢገኝም እንኳ የገንዘቡ ባለቤት ትዕግሥት ከሌለው የያዡ ጥበብ ሊሠራ አይችልም። መድን ኩባንያው ኪሳራውን አይቶ ሰውየውን አጣ፤ ኮሌጁ ኪሳራውን ተቀብሎ ጠበቀ፤ ገበያው ሲያገግም ሣጥኑም አገገመ። ኬንስ ሲሞቱ በሠላሳ ሺህ ፓውንድ የተከፈተው ሣጥን ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ያውም በየዓመቱ የተገኘው ገቢ ለኮሌጁ ሥራ እየዋለ። በኋላ የኮሌጁን መዛግብት የመረመሩ ተመራማሪዎች ከ1922 እስከ 1946 ኬንስ በራሳቸው ውሳኔ የያዙት ገንዘብ በአማካይ በዓመት አሥራ ስድስት በመቶ ያህል ማትረፉን፣ የእንግሊዝ ገበያ ግን በዚያው ዘመን አሥር በመቶ ገደማ ማስገኘቱን አስልተዋል። ከዚህ ትርፍ አብዛኛው ብልጫ የመጣው አካሄዳቸውን ከለወጡ በኋላ ነው።

ዛሬ ይህን መንገድ ሊከተል የሚሻ ሙስሊም ኬንስ ያላደረጉትን አንድ ነገር መጨመር ይኖርበታል። እርሳቸው የኩባንያውን ትርፍ እንጂ የትርፉን ምንጭ አልመረመሩም። በአሁኑ ዘመን ሸሪዓን መሠረት አድርገው የሚሠሩ ፈንዶች በአልኮል፣ በአሳማ ሥጋ፣ በቁማርና በወለድ ባንክ የሚኖሩ ኩባንያዎችን ያስወጣሉ፤ የተቀሩትንም በወለድ የተበደሩት ዕዳ ከገበያ ዋጋቸው ከአንድ ሦስተኛ ገደማ እንዳይበልጥ ይመዝናሉ፤ ትንሽ የተቀላቀለ ገቢ ቢኖርም ለበጎ አድራጎት እንዲወጣ ያደርጋሉ። የሚገርመው፣ ዕዳው የበዛ ድርጅት በዚህ ወንፊት አያልፍም፤ ዕዳው የበዛ ድርጅት ደግሞ በክፉ ዘመን መጀመሪያ የሚወድቀው ነው። በ1920 ኬንስ ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል።

የቀረው ዕድሜያቸው የመንግሥት ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ፣ ልባቸው ሳይድን፣ ያለ ደመወዝ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመለሱ። በጁላይ 1944 በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ በተባለው ስፍራ አርባ አራት አገሮች ተሰብስበው የዓለም የገንዘብ ድርጅትንና የዓለም ባንክን ሲመሠርቱ የእንግሊዝን ልዑካን የመሩት እርሳቸው ነበሩ። በዚያ አዳራሽ ኢትዮጵያም ነበረች፤ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ከልዑካኗ አንዱ ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ። ግብፅ፣ ኢራቅና ኢራንም በስብሰባው ተካፍለዋል።

ኬንስ በ1946 ከአሜሪካ የመጨረሻ ጉዟቸው ደክመው ተመለሱና ኤፕሪል 21 ቀን በሰሴክስ ገጠር ቲልተን በተባለው ቤታቸው አረፉ። ስድሳ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ሀብት ተዉ፤ ከባለቤታቸው ከሩስያዊቷ ዳንሰኛ ከሊድያ ሎፖኮቫ በኋላ አብዛኛው ለኪንግስ ኮሌጅ እንዲሆን ተናዘዙ። በ1936 በጨረታ የሰበሰቧቸው የሰር አይዛክ ኒውተን የእጅ ጽሑፎችም ወደዚያው ኮሌጅ ገቡ። አካላቸው ተቃጥሎ አመዱ በኮሌጁ የጸሎት ቤት ምድር ቤት እንዲቀመጥ መናዘዛቸውን ወንድማቸው ዘንግተው፣ ከቲልተን በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ በተኑት።